ዝም ያልሁባት ስም

በ2011 ዓ.ም. በዐቢይ ጾም ነው። እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርሁትም፤ ለነፍስ አባቴም እንኳ። ዋሽቼ ቢሆን ኖሮ ያን ጊዜውኑ ሄጄ እናዘዝ ነበር። እኔ ግን አልዋሸሁም። በደሌም እሱው ነው።

ከደብረ ታቦር ወደ ጋፋት መውጫ ካለ አንድ ዱቄት ፋብሪካ ስንዴ አበጥር ነበር። በክፍላችን ያለነው ሁላችንም ሴቶች ነን። ያረገዘች ሆዷ ሲገፋ ትሰናበታለች፤ ወልዳ ስትመለስ ቦታዋ በሌላ ሰው ተይዞ ይጠብቃታል። ይህ እንዲቀር የሠራተኛ ማኅበር እናቋቁም፣ ከባለቤቱም ጋር የኅብረት ስምምነት እንፈራረም ያለችን ጥሩዬ ናት። ከአረብ አገር የተመለሰች፣ ባል የሌላት፣ ሕፃን የምታሳድግ ልጅ ነበረች።

ፋብሪካው ውስጥ መሰብሰብ አይቻልም። እኛው ግን በወር በወሩ የማርያምን ጽዋ አብረን እንጠጣ ነበርና እዚያ መከርን። ተረኛዋ እኔ ነበርሁ። ካህኑ ባርከው ከሄዱ በኋላ ጥሩዬ ሐሳቧን ስትናገር አንዷ ሣቀችባት።

«ማዳምሽ ያስተማረችሽን እዚህ ልትሞክሪው ነው?»

«ማዳሜ ያስተማረችኝማ ብቻሽን ስትጮኺ በር እንደሚቆለፍብሽ ነው። አብረን እንጩህ።»

ሁላችንም ሣቅን። ከዚያ በጽዋው ፊት፣ ማኅበሩ እስኪመዘገብ ድረስ ማን እንደጀመረችው ላንናገር ቃል ተገባባን።

ሥራ አስኪያጁ አበልጄ ናቸው። ልጄን ክርስትና ያነሡልኝ፣ ታሞ ሊሞትብኝ ሲልም በራሳቸው መኪና ባሕር ዳር አድርሰው ያተረፉልኝ እሳቸው ናቸው። እግዚአብሔር ይስጣቸው፤ ዛሬም እላለሁ። በሳምንቱ ቢሯቸው አስጠሩኝ።

«አበልጄ፣ እነዚህን ሴቶች ማን ናት የምታነሣሣቸው?»

«ቃል አለብኝ። አይጠይቁኝ።»

«እንግዲያው አይንገሩኝ። እኔ ስም እጠራለሁ፤ ካልሆነች አይደለችም ይበሉኝ። መቼም በጾም አይዋሹም።»

የአንዷን ስም ጠሩ። «አይደለችም» አልሁ። የሌላዋን ጠሩ። «አይደለችም» አልሁ። እውነቴን ነበር፤ እውነት በመናገሬም ልቤ ዐርፎ ነበር። ከዚያ «ጥሩዬስ?» አሉኝ።

ዝም አልሁ።

ሌላ ስም አልጠሩም። «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ተነሥተው በሩን ከፈቱልኝ።

አልተናገርሁም፣ አልዋሸሁም እያልሁ ወደ ቤቴ ሄድሁ። ማንን ነበር የማታልለው? ዝም ስል እንደሚገባቸው አላውቅም ነበርን? አውቅ ነበር። ከመጀመሪያው ስም ጀምሬ ለሁሉም ዝም ብል ምን ነበረበት? ከአፌ ሐሰት እንዳይወጣ ስጠነቀቅ የሰው እንጀራ አሳልፌ ሰጠሁ። ወይስ ያስፈራኝ ኃጢአቱ ሳይሆን ሥራዬን ማጣት ነው? ይህን ዛሬም አልለየሁትም። ስሰግድ ይመጣብኛል፤ ስቆርብ ይመጣብኛል። ውለታ ይዞኝ ነው እንዳልል፣ ውለታው የተዋለው ለእኔ ነው፤ የከፈለችው ጥሩዬ ናት። ኋላ ገሳይ ከተማ ሻይ ቤት ትሠራለች ሲሉ ሰማሁ። ሄጄ አልፈለግኋትም። ይቅርታ የምታደርግ እሷ ናት፤ እሷ ደግሞ ያደረግሁትን አታውቅም። ስለዚህ እናንተን ይቅር በሉኝ አልልም።

ቢሮ በተጠራሁ በማግስቱ ጠዋት ፋብሪካው ስደርስ ዘበኛው ጥሩዬን በር ላይ አቁሟታል። «እኔ የታዘዝሁትን ነው፣ እኅቴ፤ አታስገባት ተብያለሁ» ይላታል። ሴቶቹ ከበዋታል። በጽዋው ዕለት፣ አንዲት ከተባረረች ማናችንም አንገባም ተባብለን ነበርና አንዳቸውም አልገቡም። በዕድሜ የምበልጣቸው እኔ ስለሆንሁ ሁሉም ዞረው እኔን አዩኝ።

«እትዬ፣ ምን እናድርግ?» አለችኝ ጥሩዬ።

ነጠላዬን አጣፍቼ በመካከላቸው አልፌ ገባሁ። ጥቂት ቆይተው አንድ በአንድ ተከተሉኝ። እኔ ግን ሰፌዴን አንሥቼ ማበጠር ጀምሬ ነበር።