ሦስት ሚሊሜትር

ዋሻ ቆፋሪው ማሽን በቡራዩ ገበያ ሥር ሊያልፍ ሲል ባለሱቆቹ ማዶ ተሻግረው ቆሙ። ስሟን ማንም የማያውቃት፣ በሰፊ የወንድ ቦት ጫማ ወራት ሙሉ ለምርመራ አፈር ስትለቅም የከረመችው መሐንዲስ ግን ከሬሐና ሱቅ ግድግዳ ሥር በርጩማ ስባ ተቀመጠች። በግድግዳው ላይ ባለው ስንጥቅ የለጠፈችው ስስ መስታወት ከራሷ በላይ ነው፤ ስንጥቁ ከሰፋ ይሰበራል።

«ኧረ ውጪ፣ ልጄ!» አለች ሬሐና ከማዶ።

«ሂሳቡን ኮምፒውተሬ ላይ ሠርቼዋለሁ። ግድግዳው ሦስት ሚሊሜትር ይወርዳል፤ ስንጥቁ አይሰፋም።»

«ቢሳሳትስ?»

«ሂሳቡ የኔ ነው። ከተሳሳትኩ መጀመሪያ እኔ ላይ ይውደቅ።»

መሬቱ አጉረመረመና ዝም አለ። መስታወቱ ደህና ነው። ልጅቷ ግድግዳው የወረደውን ለካች፤ ሦስት። አቧራዋን አራገፈች።

«በርጩማዎን ያውሱኝ፤ ቀጥሎ የጎረቤትዎ ግድግዳ ነው።»