ውስጥ ነሽ ወይስ ውጭ?

አማኑኤል ሰፈር ብቻህን ማውራት አይፈቀድም። ሌላ ሰፈር ብታወራ ሐሳብ ገብቶት ነው ይሉሃል፣ ጸሎት ላይ ነው ይሉሃል። እኛ ጋ ግን የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታሉ ከአፍንጫችን ሥር ስለሆነ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ዓይንህን ነው። ይህን እያወቅሁ ነው በዚያ ክረምት በሬን ዘግቼ ለስልኬ ማውራት የጀመርኩት።

በሒሳብ አያያዝ ተመርቄ ያለ ሥራ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ቀበሌ ስሄድ «ተደራጁ» ይሉናል። ያኔ ዲግሪ ይዞ ኮብልስቶን ማንጠፍ በቴሌቪዥን የሚያስመሰግን ነገር ነበር። ድንጋይ መጥረብን ንቄ አይደለም። ድንጋይ ለማስጠረብ ስንት ዓመት ሒሳብ ማስተማራቸው ነው ያንገበገበኝ። ስለዚህ እናቴ በርበሬ በረንዳ ካላት መደብ ላይ ቁጭ ብዬ ዛላ እየቀነጠስኩ፣ እያስነጠስኩ፣ ማመልከቻ መጻፌን ቀጠልኩ።

ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ ለቃለ መጠይቅ ተጠርቼ ነበር። ሦስት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠዋል። አንደኛው «ሰፈር የት ነው?» አለኝ። «አማኑኤል» አልኩ። «ውስጥ ነሽ ወይስ ውጭ?» አለና ሦስቱም ሳቁ። ቀልዱን ፊደል ሳልቆጥር ጀምሮ ስሰማው ያደግሁት ስለሆነ አልደነቀኝም። ያናደደኝ ከሳቁ በኋላ ሌላ ምንም ሳይጠይቁኝ መሸኘታቸው ነው።

አሁን የመጣው ደግሞ ጠያቂ እንኳ የለውም። ደንበኛ ሲደውል ስልክ አንስቶ በአማርኛ የሚያስተናግድ ሰው የሚፈልግ አንድ ድርጅት ሊንክ ላከልኝ። ስትከፍቺው ጥያቄው ስክሪኑ ላይ ይመጣል፣ ስልኩ ይቀዳሻል፣ ሁለት ደቂቃ ሲሞላ ይዘጋል። መድገም የለም። የሚያዩኝ ሰዎች ሌላ ቀን፣ ሌላ ቦታ፣ ምናልባትም ምሳቸውን እየበሉ ነው የሚያዩኝ።

ቦሌ ቢሮ የምትሠራ አንዲት ጓደኛ አለችኝ፤ በዚሁ መንገድ ነው የተቀጠረችው። እሑድ መጥታ ከጀርባዬ ነጭ አንሶላ ወጠረችልኝና ታዘኝ ጀመር። የራስሽን ፊት ሳይሆን የካሜራዋን ቀዳዳ እዪ። እጅሽን አታወናጭፊ። ከሁሉም በላይ ግን «አማኑኤል እንዳትዪ» አለችኝ። «አዲስ ከተማ በይ። ክፍለ ከተማሽ ነው፣ ውሸት አይደለም።» እሺ አልኳት። እሺ ለማለት ማን ያንሳል።

ልምምዱ ከሰላምታው ላይ ተሰናከለ። «ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ዋላችሁ» አልኩና አንገቴን ሰበር አድርጌ መልሱን ጠበቅሁ። ስልኩ ዝም ብሎ ያፈጥብኛል፤ ሰከንዱ ይቆጥራል። ደጋግሜ ብሞክረውም ሰላምታዬ ሳይመለስልኝ ወደ ወሬ መግባት አልቻልኩም። ተናድጄ ሰላምታውን ተውኩትና ድምፄን ከፍ አድርጌ «እኔ ታታሪ ነኝ፣ እኔ ታጋሽ ነኝ» ማለት ያዝኩ። ይህን ስል ሰነበትኩ። ከጎረቤታችን ጋር የሚለየን አንድ የጭቃ ግድግዳ መሆኑን ረስቼዋለሁ።

ጎረቤታችን እናቴ ገበያ ስትውል እኔን ከልጆቿ ጋር ያሳደገች ሙስሊም ሴት ናት። አንድ ቀን አመሻሹ ላይ እናቴን አስከትላ ገባች።

«አንቺ ልጅ፣ ቀኑን ሙሉ ከማን ጋር ነው የምታወሪው?»

«ከስልኬ ጋር ነው፣ እትዬ።»

«ወዲያ ማዶ ያለው ማነው ታዲያ?»

«ማንም የለም።»

ይህን ስል እናቴ የበሩን መቃን ተደገፈች።

«ማንም የለም» አለች ጎረቤታችን ቀስ ብላ፣ ለእናቴ እንደምታስረዳ። «ታዲያ ታጋሽ ነኝ፣ ታታሪ ነኝ የምትይው ለማን ነው?»

«ለሚቀጥሩኝ ሰዎች።»

«የታሉ?»

«አሁን የሉም። ኋላ ነው የሚያዩኝ።»

ይህን ጊዜ ከሻርፗ ሥር የፕላስቲክ ጠርሙስ አወጣች። ጠበል ነው። አማኑኤል ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆማ አንዲት የማታውቃትን ሴትዮ ለምና ያስቀዳችው። «የኔን ዱዓ አድርጌያለሁ» አለች፤ «የናንተም ይጨመርበት ብዬ ነው።» መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ቀጥሎ እንባዬ፣ ቀጥሎ ንዴቴ። በእነሱ አይደለም የተናደድኩት። ሰውን ያለ ሰው ተናገር ብሎ ሊንክ በሚልክ ነው። ጠበሉን ግን ጠጣሁት። ጠበል እምቢ አይባልም፤ በዚያ ላይ ከእናቴ ልብስ የሚነሳው የበርበሬ ብናኝ ጉሮሮዬን እያቃጠለኝ ነበር።

ቁጭ አድርጌ ነገሩን አስረዳኋቸውና የተለማመድኩትን ቪዲዮ አሳየኋቸው። እናቴ እፎይ አለች። ጎረቤታችን ግን ስልኩን አስጠግታ አየችውና «ስትሰርቅ የተያዘች ነው የምትመስለው» አለች። «ደግሞ ይሄ አንሶላ ምንድነው? ልቅሶ ቤት አስመሰልሽው እኮ! አንሽው። ነገ እኔ እዚህ ጋ እቀመጣለሁ፣ ለእኔ ትነግሪኛለሽ።»

በማግስቱ አንሶላውን አነሳሁት። ስልኩን የወተት ዱቄት ጣሳ ላይ አስደገፍኩና ሊንኩን ከፈትኩ። ጎረቤታችን ከስልኩ ጀርባ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። «ራስዎን ያስተዋውቁ» የሚል ጽሑፍ መጣ።

«ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ዋላችሁ» አልኩ።

«አልሐምዱሊላህ!» አለች ጎረቤታችን፣ ጮክ ብላ። ተቀድቷል፤ ይቀዳ።

አዲስ ከተማ የሚለው ምላሴ ላይ ነበር። ግን ፊት ለፊቴ የተቀመጠችው የልጅነቴን ጓዳ ሁሉ የምታውቅ ሴት ናት፤ እሷ ፊት አድራሻዬን መቀየር አስጠላኝ። «ተወልጄ ያደግሁት አማኑኤል ነው» አልኩ፤ «ሆስፒታሉ አጠገብ።» ሳቁ የሚመጣበት ቦታ ላይ ስደርስ ቆም አልኩ። ሳቅ የለም። ያ የጠላሁት ስልክ አንድ ደግ ጠባይ እንዳለው ያኔ ገባኝ፤ አይስቅም፣ አያቋርጥም። ሁለት ደቂቃው የእኔ ነበር።

«ሰፈራችን ከክፍለ ሀገር ሕመምተኛ ይዞ የሚመጣ ሰው አይጠፋም» አልኩ። «መንገድ የሚጠይቀው እኛን ነው። ከልጅነታችን ያደግነው መንገዱን አሳዩ፣ ማን ታመመ ብላችሁ አትጠይቁ ተብለን ነው። ቢቆጣችሁ አትቆጡ። ቢያለቅስ እስኪጨርስ ጠብቁት። እኔ ሰው ማስተናገድ የተማርኩት እዚያ ነው።» ጎረቤታችን በየዐረፍተ ነገሩ ትንፋሿን ወደ ውስጥ እየሳበች «እህ» ትለኛለች። እጄም እንደ ልቡ ተወናጨፈ።

ማታ ለጓደኛዬ ደውዬ ያልኩትን ስነግራት «አበድሽ እንዴ?» ብላ ጮኸች።

«እስካሁን ውጭ ነኝ» አልኳት።

ጥቂት ሳምንታት አለፉ። በርበሬ በረንዳ ተቀምጬ ስቀነጥስ ስልኬ ጮኸና በቀላው እጄ አነሳሁት። የጎልማሳ ሰው ድምፅ ነው። ቪዲዮውን አይተውታል፤ ሰኞ ጠዋት ዋናውን ማስረጃዬን ይዤ እንድቀርብ፣ ሥራውም በዚያው እንድጀምር ነገረኝ። እናቴን በዓይኔ እየፈለግሁ አመስግኜ ልዘጋ ስል «አንድ ነገር» አለኝ። «ሰፈርሽ አማኑኤል ነው ያልሽው፣ አይደል?»

መጣች ያቺ ቀልድ፣ አልኩ በልቤ። ሰኞን ቢነጥቀኝም ይንጠቀኝ እንጂ ዘንድሮስ ዝም ብዬ አልሸኝም ብዬ መልሴን አሰናዳሁ። ቀልዱ ግን ዘገየ። በስልኩ ውስጥ በር ሲዘጋ ሰማሁ። ሰውየው ሲመለስ ድምፁ ዝቅ ብሏል።

«ሆስፒታሉ…» አለ። «ሰው ይዞ ለሚመጣ፣ በየት በኩል ነው የሚገባው?»

ያሰናዳሁትን ዋጥኩት።

«አማኑኤል የሚል ታክሲ ያገኛሉ፤ ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ይውረዱ» አልኩት። «ከዚያ ያገኙትን ሰው ይጠይቁ፣ ያሳይዎታል። ማን ታመመ ብሎ የሚጠይቅዎት የለም።»