አቦይ ስሙን የማይጽፍበት መስቀል

ንዴታም ናት ይሉኛል። ነኝ! አባቴን የሚያውቅ ሰው ግን ለምን እንደሆነ ይገባዋል። እሱ መቆጣት ሲገባው ስለማይቆጣ፣ የሱንም ድርሻ ጨምሬ የምናደደው እኔ ነኝ።

አባቴ ገብረዋሕድ ይባላል፤ እኛ ቤት አቦይ ነው። የአክሱም ልጅ፣ ብር አንጥረኛ። ጎሮ ከቤታችን ጀርባ ባለችው ሰርቪስ ክፍል ቁጭ ብሎ የአንገት መስቀል ይሠራል። ብሩን ያቀልጣል፣ በመዶሻ ይቀጠቅጣል፣ በቀጭን መጋዝ ይፈለፍላል፣ ከዚያ ጠርዙን በሞረድ ያለሰልሳል። አንዷ መስቀል ሁለት ሳምንት ትፈጃለች። መብራት ሲጠፋ ወንበሩን አውጥቶ በር ላይ ይሠራል። አጠገባችን ፎቅ ሲሠራ በአቧራው ስድስት ወር ሙሉ ሲያስል ከረመ፤ አንድ ቀን ወጥቶ አልተናገራቸውም። እናቴ የሞተች ጊዜ አርባዋ እስኪወጣ መዶሻ አላነሳም፤ በማግስቱ ጠዋት ግን እዚያው ወንበሩ ላይ አገኘሁት። ዛሬ እኔ ጉርድ ሾላ ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተር ፊት የምቀመጠው እሱ እዚያ ስለተቀመጠ ነው።

ቦሌ በየዓመቱ ከገና በፊት የእደ ጥበብ ባዛር አለ። ዝም ብሎ የሚገባበት አይደለም፤ ሦስት ዳኞች ሥራህን አገላብጠው አይተው ነው ጠረጴዛ የሚሰጡህ። አቦይ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አልቀረም። ዓመቱን የሚለፋው ለዚያች ሳምንት ነው። ደንበኞቹ የሚያገኙት እዚያ ነው፤ እንደ ልቡ ከሰው ጋር ሲያወራ የማየውም እዚያ ብቻ ነው።

አምና ቂርቆስ የሚባል ሰው መጣ። ኦሎምፒያ ሱቅ አለው፤ መስቀል በካርቶን ከውጭ ያስመጣል። ሁሉም ከአንድ ቅርጽ የወጡ፣ አንዱን ካንዱ የማትለየው። ከአቦይ ፊት ለፊት ዘርግቶ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ "የአያቶቻችን ጥበብ! ንጹህ ብር! በእጅ የተሠራ!" እያለ ሸጠ። በእጅ! ካርቶኑን በእጁ ከፍቶት ይሆናል እንጂ! ሰዎች ለአቦይ "እዚያ ማዶ ይኸው ራሱ በርካሽ አለ እኮ" ሲሉት፣ "እንግዲያው ከዚያ ይግዙ" ይላቸዋል። ጨጓራዬን ላጠው።

እኔና ሌሎች ሠሪዎች ጮኽን። ዳኞቹም ዘንድሮ አዲስ ሕግ አወጡ፤ እያንዳንዱ ዕቃ ላይ የሠሪው ስም ይቀረጽ አሉ። ከፋብሪካ የመጣ ነገር ባለቤት የለውም ብለው ነው። ደስ ብሎኝ እየሮጥኩ ለአቦይ አነበብኩለት።

"መስቀል ላይ?" አለ።

"ከጀርባው፤ በትንሹ።"

"ጓለይ፣ ልጄ፣ ይሄ እኮ የሚሳለሙት ነገር ነው። ሰው ከንፈሩን ሲያሳርፍ ስሜን ሊስም ነው? አባቴ አልጻፈም፤ የሱም አባት አልጻፈም። እኔ ማን ነኝና!"

"ካልጻፍክ አትገባም።"

"አልገባማ" አለና ወደ ሥራው ዞረ።

የዳኞቹ ሰብሳቢ ወይዘሮ እንቁ ጋ ሄድኩ። ጥሩ ሴት ናቸው፤ አባቴንም ያከብሩታል። "ሣባዬ፣ ለአንድ ሰው ካላላሁት ነገ ሁሉም ምክንያት ይዞ ይመጣል" አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ እውነታቸውን መሆኑ ደግሞ የባሰ አናደደኝ። ቂርቆስስ ምን አደረገ? ፋብሪካው እንዲጽፍለት አዘዘ! "ቂርቆስ፣ የእጅ ሥራ" የሚል በየመስቀሉ ጀርባ ታትሞ መጣለት። አለፈም። ሕጉ እሱን ለመከልከል ወጥቶ እሱ ገባ፣ አባቴ ቤቱ ቀረ! ወይ ነዶ!

እኔም ሠራሁት። አቦይ ቤተ ክርስቲያን በሄደበት ጠዋት ሃያ አራቱን መስቀሎች በመሀረብ ቋጠርኩና ዋንጫና ሜዳሊያ ላይ ስም የሚጽፍ ሱቅ ወሰድኳቸው። ማሽኑ በየጀርባቸው "ገብረዋሕድ" እያለ ጻፈ። ቡና ጠጥቼ ሳልጨርስ አለቀ። ዳኞቹ አይተው አሳለፉን። ለአቦይ "ወይዘሮ እንቁ ያለ ስም ፈቀዱልህ" አልኩት። አመነኝ። ሙሉ ልብሱን አስተኮሰ፤ ጫማውን ራሱ ወለወለ። በዕለቱም ዕቃውን የምዘረጋው እኔ ነኝ ብዬ እንዳይነካቸው አደረግኩ።

ባዛሩ በተከፈተ በሰዓቱ አንዲት ነጠላ የለበሱ እናት ጠረጴዛችን ጋ ቆሙ። አንዷን አንስተው ተሳለሟት። ከዚያ ገለበጧት።

"ገብረዋሕድ እርስዎ ነዎት?"

"አዎ። ማን ነገረዎት?"

"ይኸው ተጽፏል።"

አቦይ ተቀብሏቸው አየ። ሁለተኛዋን ገለበጠ፤ ሦስተኛዋን። ወደኔ ቀና አላለም። ከኮቱ ኪስ ትንሿን ሞረድ አወጣና ቁጭ ብሎ ስሙን ይፍቅ ጀመር።

"አቦይ፣ ተው! ያስወጡናል!"

"ያስወጡን።"

ሰው ከበበን። ቂርቆስ ከማዶ ሮጦ ወይዘሮ እንቁን ይዞ መጣ። "ይኸው፣ ስም እያጠፋ ነው! ሕግ ለሁሉም እኩል ነው፣ ይውጣ!" ይላል። ስለ ሕግ የሚያስተምረን እሱ! ደሜ ፈላ፤ ከዚያ ወዲያ ራሴን አላውቅም። የቂርቆስ ጠረጴዛ ጋ ሄጄ አንዷን መስቀሉን ነጠቅኩና አቦይ ፊት አኖርኳት። "በል፣ ይቺንም ፋቃት!"

"እንዳይነካ! ንብረቴ ነው!" አለ ቂርቆስ።

ወይዘሮ እንቁ አንዴ እሱን፣ አንዴ አባቴን አዩ። "ይፋቁት" አሉ።

አቦይ ሁለት ጊዜ ብቻ ሞረዱን ሳበ። ነጩ ተላጠና ከሥሩ ቢጫ ወጣ። ናስ! ወይዘሮ እንቁ የአቦይን አንስተው ጎን ለጎን አዩት፤ ስሙ የተፋቀበት ቦታ እንደ ፊቱ ብር ነው። "ዕቃህን ሰብስብ" አሉት ቂርቆስን። "እኔም ተታልዬ ነው" ምናምን አለ፤ ማን ይስማው! እልል ማለት ነው የቀረኝ።

"አቶ ገብረዋሕድ፣ እርስዎ ይቀመጡ" አሉ ወይዘሮ እንቁ። "ስሙም ይቅር። ሞረዱን ሲይዙ ያየ ሰው ስም አይጠይቅም።"

"እግዜር ይስጥልኝ። እኔም እወጣለሁ" አለ አቦይ።

"ለምን?" ብዬ ጮኽኩ። "አሸነፍን እኮ!"

ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኝ። "እሱ በማሽን አስጽፎ ገባ ብለሽ ነው የተቃጠልሽው። እኛ በምን አስጽፈን ገባን?"

በሕይወቴ እንደዚያ ቀን በራሴ ተናድጄ አላውቅም።

ገና ያልተፋቁ አሥራ ስምንት መስቀሎች ነበሩ። አቦይ ሞረዱን በእጄ አስያዘኝ። "ፋቂ" አለኝ። ያ ሁሉ ሰው እያየኝ መሬት ላይ ቁጭ አልኩና የአባቴን ስም ፋቅሁ።