አልዞር ያሉት ካሞች

በውኃው ዳር ባለው የስፖርት ዕቃ ማከራያ ሸራ የሚወጥረውን ሰው ባልደረቦቹ «ሊቁ» ይሉታል። ፊት ለፊት ሲጠሩት አክብሮት ነው፤ ዞር ሲል ግን ግማሹ ሽሙጥ ነው። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ሰው ቆሞባቸው ውኃ ላይ ነፋስ ለሚነዳቸው ሰሌዳዎች ሸራ ሲወጥርና ሲያወርድ ኖሯል። በዚህ ሁሉ ዘመን «ተሳስቻለሁ» ሲል የሰማው ካለ እጁን ያውጣ። ሚስቱ እንኳ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ይህችን ቃል ሳትሰማ ነው የሞተችው።

ያን ቀን ረፋድ ላይ ከዕቃ ቤቱ ጀርባ ሣሩ ላይ ተንበርክኮ ከአንድ ትልቅ ሸራ ጋር ግብግብ ገጥሟል። ሸራው የውድድር ነው። ምሰሶው የሚገባበት ሰፊ እጅጌ አለው፤ እጅጌው ውስጥ ካም የሚባሉ አራት የፕላስቲክ ሹካዎች ተደብቀዋል። እያንዳንዱ ካም በሸራው አግድም ዘንግ ጫፍ ላይ ተሰክቶ ምሰሶውን ቆንጥጦ ይይዛል፤ ሸራው ነፋስ ባይኖርም ሆዱን ነፍቶ የሚቆመው በእነሱ ነው። ነጂው አቅጣጫ ሲቀይር ሸራው ሆዱን ወደ ሌላው ጎን ያዞራል፣ ካሞቹም ምሰሶው ላይ ቀጭ ብለው አብረው ይዞራሉ። ካልዞሩ የተወጠረው ሸራ ሳይሆን ድርቅ ያለ በር ነው።

አልዞሩም።

መጀመሪያ የታችኛውን ገመድ ጠረጠረ። ምሰሶውን የሚያጎብጠው ይህ ገመድ ስለሆነ ማንኛውም ወጣሪ ቀድሞ የሚጠረጥረው እሱን ነው፤ ከላላ ካሞቹ ምሰሶው ላይ ይጫናሉ። ገመዱን መጎተቻው ላይ ጠምጥሞ፣ እግሩን ምሰሶው ግርጌ ላይ አስደግፎ፣ ወገቡ እስኪንቋቋ ሳበው። ሁለት ጣት ያህል ወረደለት። ሸራውን አቁሞ ገፋ አደረገው። የታችኞቹ ሁለት ካሞች ዞሩ፤ የላይኞቹ ግትር አሉ። ቀጥሎ የዘንጎቹን ውጥረት አላላ። አሁን ደግሞ ሦስተኛው ካም ጭራሹን ከምሰሶው ላይ ተስፈንጥሮ ወጣ። ሲያጠብቀው አልዞር ይላል፣ ሲያላላው ይወጣል። የእጅጌውን ዚፕ ከፍቶ ከካሙ ጀርባ ሆነው ወደ ምሰሶው ከሚገፉት ስስ ቀለበቶች አንዱን ቀነሰ፣ መልሶ ጨመረ፣ እንደገና ቀነሰ። ላብ በላብ ሆነ።

ሰው ከዕቃ ጋር ሲጣላ ማየት ያስቃል። በእሱ ግን ማንም አልሳቀም፤ ሸራው የትኛው እንደሆነ ሁሉም ያውቃል።

ከአምስት ወር በፊት ታናሽ ወንድሙን ከሥራ ያስባረረው ይኸው ሸራ ነው። እውነቱን እንናገር ከተባለማ ሸራ ሰው አያስባርርም፤ ያስባረረው ታላቅየው ነው። አባታቸው ሲሞቱ ታናሽየውን ያሳደገው፣ ያስተማረው፣ እዚህ ሥራ ያስገባው እሱ ነበር። አሥራ አምስት ዓመት ጎን ለጎን ሠሩ። ከአምስት ወር በፊት በነበረ አንድ የውድድር ቀን ይህን ሸራ የወጠረው ታናሽየው ነበር። መሀል ውኃ ላይ ካሞቹ ከምሰሶው ወጡ፣ አንደኛው እጅጌውን ቀደደው፣ ሸራውን የያዘችው ወጣት ተወዳዳሪ ስትወድቅ ትከሻዋ ተሰበረ። ሰው እስኪደርስላት ሁለት ሰዓት ሰሌዳዋን አቅፋ ተንሳፈፈች።

ሥራ አስኪያጇ ሁለቱንም ቢሮዋ ጠራቻቸው።

«ምሰሶው ላይ የሆነ ነገር አለ፣ ጋሼ» አለ ታናሽየው። «ጠዋት ስወጥረው እጄ ላይ ደስ አላለኝም።»

«ምሰሶዎቹ ላይ ምልክት ያደረግኩት እኔ ነኝ!» ብሎ ታላቅየው አምባረቀበት። «እኔን ልታስተምረኝ ነው? ገመዱን በደንብ አልሳብከውም። ድሮም ችኩል ነህ።»

ታናሽየው አንገቱን ደፋ። «እንግዲህ ጋሼ ካለ» አለ፣ ሌላ አልጨመረም። በሳምንቱ ተሰናበተ። ዛሬ የመኪና ማቆሚያ ጥበቃ ነው፣ ታላቅየውም ከዚያ ወዲህ ደጁን ረግጦ አያውቅም። «ይቀዝቅዝለት ብዬ ነው» ይላል ለጠየቀው። የቀዘቀዘው ግን የራሱ እግር ነበር።

የተቀደደው ሸራ ከጥገና የተመለሰው ገና ትናንት ነው። እስከዚያ ምሰሶው ካም የሌላቸው ሸራዎች ውስጥ ሲሠራ ከረመ፤ እነሱ ደግሞ ብዙ ነገር ችለው ያልፋሉ፣ ስለዚህ ነገሩ አልታወቀም።

ሊቁ ሁሉን ሞክሮ ሲያቅተው ሸራውን ሣሩ ላይ አጋደመና ምሰሶውን ከግርጌው አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አነጣጠረበት። ጉብጠቱ እስከ መገጣጠሚያው ድረስ ደህና ነው። ከዚያ በላይ ግን ለስለስ ብሎ ሊጎብጥ በሚገባው ቦታ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ገመዱን ለቀቀ፣ ካሞቹን አወለቀ፣ ምሰሶውን ስቦ አወጣና ሁለት ቦታ ነጣጠለው።

እዚህ ላይ የሊቁን አንድ አመል ማወቅ ያስፈልጋል። ምሰሶ ሁሉ የላይና የታች ሁለት ግማሽ አለው፣ ሁለቱም አንድ ፋብሪካ የሠራቸው መሆን አለባቸው፤ አጎባበጣቸው ይለያያልና። ደንበኞች ደግሞ የፋብሪካ ስም እያዩ «ያኛውን ስጠኝ፣ ይኼ አይሆነኝም» እያሉ ያስቸግሩታል። እሱም አንድ ክረምት ተነሥቶ የሁሉንም ምሰሶ ስም በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ አጠፋው፣ በምትኩ ባለቀለም ፕላስተር ጠመጠመባቸው፦ ሰማያዊ ከሰማያዊ፣ ቢጫ ከቢጫ። የቀለሞቹን ፍቺ ከእሱና ከወንድሙ በቀር የሚያውቅ የለም። ባለፈው ክረምት ያረጀው ፕላስተር ተላልጦ ሲያልቅ አዲስ ጠመጠመ። የቱ ከየቱ እንደሚገጥም በእጁ እየመዘነ ለየ። «እጄ ያውቃቸዋል» ብሎ።

የስልኩን መብራት አብርቶ መገጣጠሚያው ውስጥ አየ። ፋብሪካው ከውስጥ የቀረጸውን ቁጥር ብርጭቆ ወረቀቱ አልደረሰበትም። ሁለቱም ግማሾች ላይ ያለው ፕላስተር ሰማያዊ ነው፤ የታችኛው ቁጥርና የላይኛው ቁጥር ግን አይገናኙም። ወደ መደርደሪያው ሄዶ የቢጫውን የላይኛ ግማሽ አመጣ። ቁጥሩ ገጠመ። እሱን ሰክቶ ሸራውን እንደገና ወጠረው፣ አቁሞም ገፋ አደረገው። አራቱም ካሞች ቀጭ፣ ቀጭ ብለው ዞሩ።

እዚያው ሣሩ ላይ ቁጭ አለ።

ፕላስተሩን ልጦ ቀለሙን ማስተካከል የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው፣ ያየውም የለም። ደግሞም ላጠው። አዎ፣ ላጠው፤ የላይኛው ግማሽ ላይ የነበረውን ቢጫ ፕላስተር አጣጥፎ ኪሱ ውስጥ ከተተው። በዚህ መሀል ሥራ አስኪያጇ በጓሮው በር ብቅ አለች።

«ተገኘ እንዴ? ምን ሆኖ ነው?»

«ተገኘ» አለ። ከዚያ የሃያ ሰባት ዓመት ልማዱን ጣሰ። «እኔ ነኝ። ምሰሶውን ያማታሁት እኔ ነኝ። ያኔም እኔ ነበርኩ። ወንድሜ ምንም አላጠፋም።»

ሥራ አስኪያጇ ከላይ እስከ ታች አየችው። ጥሩ ሴትም ክፉ ሴትም አይደለችም፤ ሥራ ያለባት ሴት ነች።

«ያን ቀን ነጣጥለው ቢያዩት ምን ነበረበት?» አለችው።

እሱ ከሣሩ ተነሥቶ ሱሪውን አራገፈ።

«ወንድምዎ ሰኞ ይምጣ» አለች። «ሰው ስለሚያንሰን ይምጣ። እርስዎም ያን ፕላስተርዎን ይተዉና ቁጥሩን ይጻፉበት።»

ከሥራ ሲወጣ የሄደው በቀጥታ ወደ ወንድሙ ቤት ነው። ደረጃውን እንደ ጎረምሳ እየዘለለ ወጣው። ክብሩ ይቅርበት፣ «ሊቁ» የሚለውም ስም ይቅርበት፤ ወንድሙን ግን መልሶ አገኘ። እንደዚህ ቀለል ብሎት የሚያውቀው መቼ እንደሆነ እሱም አያስታውስም።

የወንድሙ ሚስት በሩን ከፈተችለት፣ ይግቡ ሳትል መንገድ ለቀቀች። ታናሽየው የጥበቃ ዩኒፎርሙን እንደለበሰ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጦ ጫማውን ያወልቃል። ታላቁን ሲያይ አንዱን ጫማ እንደያዘ ብድግ አለ። ሊቁ ሳይቀመጥ ሁሉንም ዘረገፈው፦ ፕላስተሩን፣ ቁጥሩን፣ ሰኞን።

ታናሽየው ፈገግ አለ። ታላቅየውን ያስደነገጠው ያ ፈገግታ ነው።

«ተው፣ ጋሼ።»

«ምኑን ነው የምተወው?»

«አውቃለሁ፣ አዝነህልኝ ነው። ጥበቃ ሆኖ ቀረ ብለህ። እኔን ለመመለስ ብለህ ግን በሰው ፊት ስምህን አታጉድፍ። አንተ ምሰሶ አታማታም።»

«አማታሁ እኮ ነው የምልህ!» ከኪሱ ቁጥሮቹን የጻፈባትን ወረቀት አውጥቶ ዘረጋለት። «እየው! በገዛ ዓይንህ እየው!»

ታናሽየው ወረቀቱን ተቀብሎ ሳያየው ጠረጴዛው ላይ በዝግታ አስቀመጠው።

«እኔ ደግሞ ትዝ ይለኛል» አለ። «መጀመሪያ ትዝ አይለኝም ነበር፤ ደጋግሜ ሳስበው መጣልኝ። ገመዱን ሳልጨርስ ነው የተውኩት። ሁለት ጣት ያህል ይቀረዋል። ሰው ጠራኝና ዞር አልኩ፣ ከዚያ ረሳሁት። የልጅቷን ትከሻ የሰበርኩት እኔ ነኝ። ከእንግዲህ ሰው የሚሳፈርበት ነገር አልነካም፣ ጋሼ።»

«የጠራህ ሰው የለም! ቀኑን ሙሉ አጠገብህ ነበርኩ፣ ማንም አልጠራህም!» የሊቁ ድምፅ ተሰበረ። «ታላቅህ ነኝ። እመነኝ እያልኩህ ነው!»

«ያን ቀን አምኜሃለሁ» አለ ታናሽየው፣ ያለ አንዳች ቂም፣ ልክ እንደ ልጅነቱ በአክብሮት። «ቁጭ በል እንጂ። ሻይ ይፈላልህ።»

ሻይ አልጠጣም። ወረቀቱን ሳያነሳ ወጣ። የወንድሙ ሚስት እስከ ደረጃው ተከተለችው።

«እኔ አምኜዎታለሁ» አለችው ቀስ ብላ። «ያን ቀን ከቢሮ ሲመለስ ምሰሶው እጄ ላይ ደስ አላለኝም ብሎ ነግሮኛል። ሦስት ጊዜ ነው የነገረኝ። ባለፈው ሳስታውሰው እንደዚያ ብዬ አላውቅም አለኝ።»

አንድ ነገር ሊላት አፉን ከፈተ። እሷ ግን መስማት አልፈለገችም፤ ገብታ በሩን ዘጋችው።