ጠዋት ጠዋት የማይነሳው ኔትወርክ

ዲላ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት ጠዋትን እጠላ ነበር። ገና በሩን ሳልፍ ፀሐፊዋ «ዛሬም ኔትወርክ የለም» ትለኛለች። ሌሊት መብራት ሄዶ ሲመለስ ሊኑክስ የጫንኩበት ዋናው ኮምፒውተር ብቻውን ይነሳል፤ ኢንተርኔቱን ግን ይዞ አይነሳም። ለቢሮው ሁሉ መስመሩን የሚያከፋፍለው እሱ ስለሆነ እሱ ካልሠራ ማንም ኢንተርኔት አያገኝም። እኔ ቁጭ ብዬ አንድ ትእዛዝ ስጽፍበት ወዲያው ይሠራል። በማግስቱ ያው ነው።

በዊንዶውስ ፋንታ፣ ቫይረስ እምብዛም የማይደፍረውን ሊኑክስ የጫንኩት ከየወረዳው በፍላሽ የሚመጣው ቫይረስ ሰነድ እየበላ ስላስቸገረን ነበር። ኃላፊያችን ራሱ «የፈለግከውን አድርግ፣ ብቻ ሪፖርቴ አይጥፋብኝ» ብሎ ነው የፈቀደልኝ። ኋላ ግን ይህን ማለቱን ረሳው።

በዚያ ኮምፒውተር ላይ ብዙ የሚሠሩት የቢሮው ሰዎች አልነበሩም፤ ከገደብ ከተማ የሚመጡ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ነበሩ። ሐሙስ ሐሙስ በአውቶቡስ ይመጡና የጌዴኦኛ ቃላትን ከነትርጉማቸው ይተይባሉ። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ እስክርቢቶ መያዝ ትተው ነበር፤ የኮምፒውተሩን ቁልፎች ግን በአንድ ጣት ቀስ እያሉ ያገኟቸዋል። ቃላቱን ወርቃና ባንኮ ጎቲቲ የሚባሉ የገጠር ቀበሌዎች ድረስ እየሄዱ ከሽማግሌዎችና ከባልቴቶች አፍ የለቀሟቸው ናቸው፤ የእንሰት ዓይነቶች ስም፣ የዝናብ ዓይነቶች ስም፣ ሰው ከብቱን የሚጠራበት ድምፅ ሳይቀር። የሰሙትን ሐሙስ እስኪደርስ በቃላቸው ይዘው፣ መኪና ውስጥ ለራሳቸው እያነበነቡ ይመጣሉ።

«ጋሼ፣ አይረሱትም?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«እረሳለሁ እንጂ። ለዚህ አይደል የምቸኩለው» አሉኝ።

ሥራቸው እንዳይጠፋ ቅጂውን በፀሐፊዋ ኮምፒውተር ላይም አስቀመጥኩ። ከቢሮው ውጭ ፋይል ማውጣት ተከልክሎ ነበርና ከዚያ የተሻለ መንገድ አልነበረኝም።

የኔትወርኩን ችግር መጀመሪያ ከገመድ ፈለግኩት። ገመዱን ቀየርኩ፤ ለውጥ የለም። ከዚያ ገመዱ የሚሰካበትን የኔትወርክ ካርድ ቀየርኩ። ይሄኔ ባሰ፤ ኮምፒውተሩ አዲሱን ካርድ በሌላ ስም ስለመዘገበው የድሮው ትእዛዜም አልሠራ አለ። ስሙን አግኝቼ እስካስተካክል ቢሮው ቀኑን ሙሉ ያለ ኢንተርኔት ዋለ።

በዚያው ቀን ኃላፊው ጠራኝና በሩን ዘጋ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለ። «አንተ ከሌለህ አይሠራም። አንተ ስትመጣ ይሠራል። ይሄ ምን ይባላል?»

«ምክንያቱን ገና አላገኘሁትም።»

«ወይስ ራስህ ነህ የምትዘጋው? ያለ እሱ አይሆንም እንድንል?»

  ሌባ እንደያዘ ሰው ዓይን ዓይኔን ያየኝ ነበር።

ምክንያቱን ያገኘሁት ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ነው። ዝናብ እየዘነበ በቀን መብራት ሄዶ ሲመለስ ከኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጬ ነበር። ኮምፒውተሩ ተነስቶ ሲያበቃ ኢንተርኔቱን ከስልክ መስመር የሚቀበለው ሞደም ገና መብራቱን ብልጭ ድርግም እያደረገ መስመር ይፈልጋል። ነገሩ ያኔ ገባኝ። ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚገናኝበትን አድራሻ እንዲሰጠው ሞደሙን ይጠይቃል፤ ሞደሙ ደግሞ መስመራችን ደካማ ስለነበር ለመነሳት ይዘገያል። መልስ ሲያጣ ኮምፒውተሩ ተስፋ ይቆርጥና እንደገና አይጠይቅም። መልስ እስኪያገኝ እየደጋገመ እንዲጠይቅ የሚያደርጉ ጥቂት የትእዛዝ መስመሮች መጨመር ብቻ ነበር የቀረው።

ደስ ብሎኝ ወደ ኃላፊው ሮጥኩ። አስረድቼ ሳልጨርስ እጁን አነሳ።

«አትንካው። ከሐዋሳ ባለሙያ እየመጣ ነው።»

«ትንሽ ነገር ናት የቀረችው፤ አሁኑኑ ላሳይዎት።»

«አትንካው አልኩህ።»

«እሺ። ግን የመምህሩ ሥራ እዚያ ውስጥ ነው። እንዳይነካባቸው ለሰውዬው ይንገሩልኝ።»

«እነግረዋለሁ» አለ፣ ወረቀቱን እያየ።

ባለሙያው በመጣበት ቀን ኃላፊው እኔን ገደብ ላከኝ፤ ማተሚያ ተበላሽቷል ተብሎ። ደርሼ ሳየው ማተሚያው ምንም አልሆነም። ከሰዓት በኋላ ስመለስ ዋናው ኮምፒውተር ላይ ዊንዶውስ ተጭኖ ጠበቀኝ። የፀሐፊዋም እንደዚያው። ባለሙያው «ከሥራቸው ላጽዳቸው ብዬ ሁለቱንም ፎርማት አደረግኳቸው፤ የነበረው ሁሉ ጠፍቷል» አለኝ። ክፉ ሰው አልነበረም። የሚቀመጥ ፋይል እንዳለ የነገረው የለም። ስነግረው ፊቱ ተለወጠ፤ አብሮኝ እስኪመሽ ድረስ የጠፋ ፋይል የሚፈልግ ፕሮግራም ሞከረ። የተቆራረጡ ሥዕሎችና ትርጉም የሌላቸው ፊደሎች እንጂ ሌላ አልተገኘም።

ኔትወርኩ ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ይሠራ ጀመር። ዊንዶውስ መልስ ቢያጣም ቆየት ብሎ እንደገና ይጠይቃል፤ እኔ ልጨምረው የነበረውን እሱ ከመጀመሪያውም ያውቀዋል። ኃላፊው በስብሰባ ላይ «አያችሁ፣ ለካ የሚሆን ነገር ነበር» አለ። የሳቁ ሰዎች ነበሩ። ፀሐፊዋ አንገቷን ደፋች።

ሐሙስ መምህሩ መጡ። ጃንጥላቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ሊቀመጡ ሲሉ ነገርኳቸው።

«ሁሉም?» አሉ።

«ሁሉም፣ ጋሼ።»

ወንበሩን ስበው ተቀመጡ። ከዚያ «በዚህ ሳምንት የያዝኩትን ልንገርህ፣ ጻፍልኝ» አሉና ሰባት ስምንት ቃል ነገሩኝ። በወረቀት ጻፍኩላቸው። ኃላፊውን ላነጋግርልዎት ብላቸው «ምን ይለኛል?» ብለው ወጡ።

በዓመቱ ሥራውን ለቅቄ የጽሕፈትና የፎቶኮፒ ሱቅ ከፈትኩ። መምህሩ እዚያም ጥቂት ጊዜ መጡ። እሳቸው እየተናገሩ እኔ እተይባለሁ። ነገር ግን ቃላቱን ከነገሯቸው ሽማግሌዎች ብዙዎቹ ሞተዋል፤ እሳቸውም መሀል ላይ ቆም ብለው ጣሪያ ያያሉ። «አንድ ቃል ነበረች እኮ፣ ከዚህች ጋር የምትሄድ» ይላሉ። አትመጣላቸውም። ተናደው ሲነሱ እኔን ይቅርታ ይጠይቁኛል። ቆይተው መምጣቱን ተዉት፤ ማረፋቸውንም የሰማሁት ከቀብራቸው በኋላ ነው።

ኃላፊውን ከጥቂት ዓመት በፊት አንድ ምግብ ቤት አገኘሁት። ጡረታ ወጥቷል፤ ፀጉሩ ሸብቷል። ተነስቶ አቅፎ ሳመኝ፣ ልጆችህ እንዴት ናቸው አለኝ። የመምህሩን ነገር አነሳሁበት።

«የቱ መምህር?» አለኝ።

ከልቡ ነበር። አስቦ አስቦ አጣቸው። ከዚያ አስተናጋጁን ጠርቶ ለእኔ ምን እንደሚመጣልኝ ጠየቀኝ።