የተባረከው መቀመጫ ፋይል

ሥራዬ የጀመረው በአንድ ታጣፊ ወንበር ነው። ዘ ሄግ አጠገብ ባለው፣ የፈጠራ መብት በሚሰጠው የፓተንት መሥሪያ ቤት በመርማሪነት በተቀጠርኩበት የመጀመሪያ ቀን፣ አለቃዬ ሄንክ አንድ ማመልከቻ ሰጠኝና አዲስ መሆን አለመሆኑን እንድነግረው አዘዘኝ። ሥዕሉን ከጽሑፉ ጋር ቁጥር በቁጥር እያስተያየሁ እስከ ምሳ ሰዓት አነበብኩት። ከዚያ አዲስ ነው፣ እንዲህ ያለ ወንበር አይቼ አላውቅም አልኩት።

«አንቺ ማየት አለማየትሽን ማን ጠየቀሽ?» አለኝ።

ቁጣ አልነበረበትም። የወረቀት መሳቢያዎች ወደተደረደሩበት ክፍል ወሰደኝና ከእኔ ዕድሜ የሚበልጥ የጃፓን ሰነድ አወጣ። ወንበሩ ራሱ ነበር። ሕጉን ቆመን ሳለን ነገረኝ። ማመልከቻ ከገባበት ቀን በፊት፣ በየትኛውም አገርና በየትኛውም ቋንቋ፣ በጽሑፍም ሆነ በቃል፣ በባለቤቱ በራሱም ቢሆን፣ ለሕዝብ የተገለጠ ነገር አዲስ አይባልም። በየትኛውም ቋንቋ? ብዬ ጠየቅሁት። በየትኛውም አለኝ። ያን ጊዜ አማርኛ በሐሳቤ አልመጣም።

ሃያ ስድስት ዓመት የተሽከርካሪ መቀመጫ መረመርኩ። የማመልከቻ ልቡ መጨረሻው ላይ ነው። ቁጥር የተሰጣቸውን እነዚያን አንቀጾች የመብት ወሰን እንላቸዋለን፤ የፈጠራው ባለቤት «እስከዚህ ድረስ የእኔ ነው» ብሎ የሚያጥርባቸው ናቸው። አንደኛው ሰፊው አጥር ነው። ቀጣዮቹ እየጠበቡ ይሄዳሉ። ሰፊው ሲፈርስ አንዳንዴ ጠባቡ ይተርፋል። ይህን ያልተረዳ ሰው ደብዳቤያችን ሲደርሰው ገና ከመጀመሪያው ገጽ ተስፋ ይቆርጣል።

ጋሽ ወርቅነህ በሮተርዳም አውቶቡስ ሲነዱ የኖሩ፣ እዚያው ዴልፍስሃቨን ሰፈር የሚኖሩ የቤተ ክርስቲያናችን አባል ናቸው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በጋ በገባ ቁጥር ጀርባቸው ከመቀመጫው ጋር ይጣበቅ ነበር። ጡረታ ከወጡ በኋላ ምድር ቤታቸው ገብተው ሰባት ዓመት ሠሩበት። ከአሮጌ አውቶቡስ የተነቀለ መቀመጫ አምጥተው ስፖንጁን ቦይ ቦይ አድርገው ቀደዱት፤ ከሥሩ ማራገቢያ ገጠሙለት። አየሩ በቦዮቹ ወጥቶ በተበሳው የመቀመጫ ልብስ በኩል ጀርባን ያናፍሳል።

እኛ ዘንድ አዲስ ነገር ሳይባረክ አይጀመርም። መኪና ቢሆን፣ ሱቅ ቢሆን፣ የጽዳት ድርጅት ቢሆን ቄስ ይጸልይበታል። ጋሽ ወርቅነህም መቀመጫውን አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ አዳራሹ አስመጡት። ከአምስተርዳም ኖርድ ሳይቀር የመጣ ሰው ነበር። ቀሲስ ጸልየው ጸበል ሲረጩ ጋሽ ወርቅነህ «አባ፣ ከማራገቢያው ትንሽ ፈቀቅ ያድርጉልኝ» አሉና አዳራሹ ሳቀ።

ከዚያ ማስረዳት ጀመሩ። ቦዮቹን በጣታቸው እያሳዩ፣ አየሩ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ አንድ በአንድ ተናገሩ። ልጃቸው ሊዲያ በስልኳ ትቀርጽ ነበር። «አባዬ፣ ወደ ካሜራው ዞር በል እንጂ» ስትላቸው፣ «በል» መባላቸው ያልጣማቸው ሽማግሌዎች ከንፈራቸውን መጠጡ። ቪዲዮው በዚያው ሳምንት በቤተ ክርስቲያናችን የኢንተርኔት ገጽ ላይ ወጣ።

እኔም ተራዬ ደርሶ ተቀመጥኩበት። ከእኔ በኋላ የተቀመጡት እማማ ጥሩነሽ ግን ወዲያው ተነሡ።

«ልጄ፣ ይሄ ነፋስ እኮ በቀጥታ ኩላሊቴ ላይ ነው» አሏቸው። «ጀርባዬን አናፈስክልኝ፣ ወገቤን ግን ብርድ ልታስመታኝ ነው?»

ሁሉም ሳቀ። ጋሽ ወርቅነህ አልሳቁም።

ከአንድ ዓመት በላይ አለፈ። አንድ ማክሰኞ ጠዋት አየር ስለሚያናፍስ የተሽከርካሪ መቀመጫ የሚል ፋይል ኮምፒውተሬ ላይ ወጣ። ስም ሳላይ ሥዕል ማየት ልማዴ ነው። የራስ መደገፊያው ወደ ግራ ያዘነበለ ነበር። ያ መደገፊያ አዳራሹ ውስጥ አንገቴን ነክቶታል። ስሙን አየሁ፣ ማመልከቻው የገባበትን ቀን አየሁ። ከቡራኬው ስድስት ሳምንት ይዘገያል። አንደኛውን ወሰን አነበብኩ፤ ጋሽ ወርቅነህ አዳራሽ ውስጥ በአማርኛ የተናገሩት ነበር፣ በእንግሊዝኛ ተጽፎ። እስከ አራተኛው ድረስ እንደዚያው ነው። አምስተኛውን ሳላነብ ፋይሉን ዘጋሁት።

በሕንፃው ውስጥ አማርኛ የሚያውቅ ሌላ መርማሪ አልነበረም። ዝም ብል ቪዲዮውን ማንም አያገኘውም። ዝም ካልኩ ግን ከዚያ በኋላ የምፈርመው ፊርማ ሁሉ ምንም አይመዝንም። ይህን ለመወሰን ጊዜ አልወሰደብኝም። ጊዜ የወሰደብኝ ከወንበሬ መነሣቱ ነው።

ለሄንክ ሁለት ነገር በጽሑፍ ሰጠሁት፦ ሰውየውን እንደማውቃቸውና መቀመጫው ለሕዝብ ሲገለጥ እዚያው እንደነበርኩ። አነበበው። ማስረጃ አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ ቪዲዮ አለ፣ በአማርኛ ነው አልኩት። ወረቀቱን አጠፈ።

«ከዚህ ፋይል ወጥተሻል» አለኝ። «ሂጂና ቡና ጠጪ።»

ፋይሉ ወደ ፓኦላ ሄደ፤ ከእኔ ሁለት ክፍል ርቃ የምትሠራ ጠንቃቃ ጣሊያናዊት ናት። ቪዲዮውን በውጭ አስተርጓሚ አስተረጎመችው። ከወራት በኋላ ለጋሽ ወርቅነህ ደብዳቤ ደረሳቸው። በመጀመሪያው ገጽ ላይ፣ አንደኛው ወሰን አዲስ አይደለም፣ ማስረጃውም የአዳራሹ ቪዲዮ ነው ይላል።

ማን እንደተናገረ ለመገመት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። በቀጣዩ እሑድ ከጎኔ የሚቆሙት ሴቶች ቦታ ቀይረዋል። ሊዲያ በር ላይ ጠበቀችኝ።

«አንቺ ነሽ አይደል?» አለችኝ። «ሰባት ዓመት ምድር ቤት ውስጥ ነው የኖረው። አንቺም ተቀምጠሽበታል፣ ቪዲዮው ላይ ትታያለሽ።»

አዎ፣ እኔ ነኝ አልኳት። ጋሽ ወርቅነህ ከኋላዋ መጡና ክንዷን ያዙ።

«ተያት» አሏት። ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ልጅ፣ አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ቀሲስ ናቸው የባረኩልኝ። ማስባረክ ከመቼ ወዲህ ነው ጥፋት የሆነው?»

«ጋሽ ወርቅነህ፣ ስለ ፋይልዎ መናገር አልችልም» አልኳቸው። «ለደወለልን ሰው ሁሉ የምንለውን ልንገርዎ። ደብዳቤያችንን እስከ መጨረሻው ገጽ ያንብቡት።»

የሊዲያን ክንድ እንደያዙ ሄዱ። ሰኞ ጠዋት ይህንኑ ያልኳቸውን ቃል በቃል ጽፌ ለሄንክ ሰጠሁት። አንብቦ ፋይሉ ውስጥ ከተተው።

ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው ያነበበችላቸው ሊዲያ ናት። መጨረሻው ገጽ ላይ ፓኦላ፣ አምስተኛው ወሰን ብቻውን ተጽፎ ቢቀርብ ተቀባይነት ሊያገኝ እንደሚችል ጽፋ ነበር። በተሰጣቸው ጊዜ ውስጥ አስተካክለው መለሱ። ፓተንቱ ተሰጠ።

ታትሞ ለሕዝብ ክፍት በሆነ ቀን አምስተኛውን ወሰን ለመጀመሪያ ጊዜ አነበብኩት። ማራገቢያው አየር አይገፋም፣ ይስባል። ቦዮቹ ወገብ ጋ ሲደርሱ ግራና ቀኝ ተከፍለው ይዞራሉ፤ ወገብ የሚያርፍበት ስፖንጅ ድፍን ነው፣ አየር አይነካውም። ፓኦላ ያገኘቻቸው ቀዳሚ ሰነዶች በሙሉ ተቃራኒውን ይላሉ። ወገብ አብዝቶ ያልበዋል፣ ስለዚህ አብዝቶ ይናፈስ ባዮች ናቸው። ወገብን ለይቶ የተወ አንድም ሰው አልነበረም፤ ወደዚያ የሚመራ ሰነድም የለም። አዲስ ነው፣ ለሙያው ሰውም በቀላሉ የሚታሰብ አይደለም። እኔም ብሆን እፈርምበት ነበር።

ሐሳቡ ከየት እንደመጣ ግን በሰነዱ ላይ አልተጻፈም። እማማ ጥሩነሽ ከመቀመጫው ከተነሡ በኋላ ጋሽ ወርቅነህ ስድስት ሳምንት ምድር ቤት ገብተው ወገቡን ደፈኑት። ማመልከቻውን ያዘገየባቸው እሱ ነው። ያ እሑድ አራቱን ወሰኖች ወሰደባቸው፤ አምስተኛውንም የሰጣቸው እሱ ነው።

በቀጣዩ የዳግማ ትንሣኤ እሑድ ጋሽ ወርቅነህ አዳራሹ ውስጥ አጠገባቸው የነበረውን ባዶ ወንበር በእጃቸው መታ መታ አደረጉልኝ። ተቀመጥኩ። ስለ ፋይሉ አላወራንም። እማማ ጥሩነሽ ግን ከፊታችን ሆነው ኩላሊታቸው በመንግሥት ወረቀት ላይ መመዝገቡን ለሚሰማ ሁሉ ይነግሩ ነበር።

አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ሰው አንድ ነገር ሠርቶ ሊያስባርክ ሲመጣ ቀሲስ መስቀላቸውን ከማንሣታቸው በፊት «ማመልከቻውን አስገብተሃል?» ብለው ይጠይቃሉ። ያላስገባውን በሚቀጥለው ሳምንት ና ይሉታል።

ለዚህ ሙያ አዲስ የሆናችሁ፣ ወይም ምድር ቤታችሁ ውስጥ የምትሠሩ፦ መጀመሪያ ማመልከቻው ይግባ። ደብዳቤ ሲመጣ እስከ መጨረሻው ገጽ ይነበብ። የምታውቁት ሰው ፋይል ጠረጴዛችሁ ላይ ሲወጣ በዚያው ቀን ተናገሩ።