መንገድ ያየች ድመት

ስልኬ ውስጥ ያሉት የጉዞ ፎቶዎች ለሰው የሚታዩ አይደሉም። መናገሻ ጫካ ሄደን የተነሳነው ላይ የኔ ግማሽ ፊትና የአንዲት ድመት ሙሉ ጀርባ አለ። ሰበታ የተነሳነው ላይ እኔ የለሁም፤ ድመቷ ግን አለች። አንሺው ጓደኛዬ ሠርግ እያነሳ የሚኖር ሰው ነው። ለሥራ ሲሆን ሙሽራ ቆርጦ አያውቅም፤ እኛን ሲያነሳ ግን አንገታችን ላይ ይቆርጠናል። ምነው ስለው ሰው ማንሳት እንደሰለቸው ይነግረኛል።

ሦስት ነን። ሌላዋ ጓደኛችን ሰበታ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። መንገድ ላይ የወደቀ ድመት አይታ አታልፍም፤ ታነሳለች፣ ታክማለች፣ ከዚያ ለኔ ታመጣለች። ቡራዩ አንድ ክፍል ተከራይቼ ብቻዬን ነው የምኖረው፤ ለሷ ደግሞ ብቻውን የሚኖር ሰው ሁሉ ድመት የጎደለው ይመስላታል። የኔ ሥራ የሚወስዳቸው ቤት እስኪገኝ ማቆየት ነው። ማቆየት ብቻ። ስም አናወጣም። «ስም ካወጣህላት ልጅህ ሆነች ማለት ነው» ትላለች፤ ሕጉ የሷ ነው።

እኔ የመኪና መንዳት አስተማሪ ነኝ። እሁድ እሁድ ይህችኑ ጓደኛዬን አለማምዳለሁ፤ ሠርግ የሌለበት እሁድ ከሆነ ፎቶ አንሺውም ኋላ ይቀመጣል። የማሰልጠኛው መኪና ከአስተማሪው እግር ሥር የራሱ ፍሬን አለው። በዚህ ጓደኝነት ውስጥ ያለኝ ሥልጣን ያ ፍሬን ብቻ ነው። ለማጅ መንገድ ይፈልጋል፣ ድመት ቤት ይፈልጋል፤ ሁለቱን አንድ ላይ አድርገን በአዲስ አበባ ዙሪያ እንዞራለን። ከኋላችን «ለማጅ» የሚል ስለተለጠፈ ሰው ሁሉ ይርቀናል፤ ጉዞው ሰላማዊ ነው።

ይህችኛዋ የተገኘችው ሁዳዴ በገባበት ሳምንት ነው። ሰበታ ያለ አንድ ሥጋ ቤት ለጾሙ ተዘግቷል። ባለቤቱ ቆልፎ አገሩ ሄዷል፤ ድመቷ ግን ጾም መግባቱን የነገራት የለም። የተቆለፈው በር ፊት ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። ጓደኛዬ ሥራ ስትገባም ስትወጣም እዚያው ናት። ከጎን ያለው ባለሱቅ «እስከ ፋሲካ ከዚህ አትነሳም» ብሎ ሳቀ። ጓደኛዬ አልሳቀችም። የዚያን ዕለት ምሽት ካርቶን ይዛ ቡራዩ በሬ ላይ ቆማ አገኘኋት።

ግራጫ ናት፤ አንድ ጆሮዋ ተቀዷል፤ ዕድሜዋ ገፋ ያለ ነው። ፊቷ ቀበሌ ተሰልፎ ተራው ሲደርስ ሲስተም የለም የተባለ ሰው ፊት ነው። ሰው የሚፈልገው ትንንሽ ግልገል ስለሆነ ይህችን የሚወስድ እንደማይገኝ ካርቶኑን ስከፍት አውቄአለሁ።

የቤት አከራዬ እማማ መበለት ናቸው፤ ግቢው ውስጥ እሳቸውና እኔ ብቻ ነን። በዕድሜያቸው ጾም ሽረው አያውቁም። የቀደሙትን ድመቶች ሲታገሡኝ ኖረዋል፤ ይህችን ግን ጎንበስ ብለው አዩዋትና ሁለት ሕግ አወጡ።

«ስማ ልጄ፣ በጾሙ እዚህ ግቢ ሥጋም ወተትም አይገባም። ለሷም ቢሆን። እኛ የምንበላውን ትብላ።»

«እሺ እማማ።»

«በሆሳዕና የፋሲካውን ዶሮ እገዛለሁ። ከዚያ በፊት ትውጣልኝ። ድመት መንኵሳ ዓመሏን አትረሳ።»

የመጀመሪያውን ዕለት ሽሮ ፍትፍት ቀረበላት። አሸተተችው። ከዚያ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። ስንቱን ለማጅ ፈተና ወድቀሃል ብዬ አሰናብቻለሁ፤ እንደዚያ አድርጎ ያየኝ የለም። ጠዋት ስነሳ ሳህኑ ባዶ ነበር፤ ደስታ ግን አልነበረም። በሌላ ቀን አይጥ ይዛ ግቢው መሀል ስትበላ እማማ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ደረሱባት። አበቃልን አልኩ። እማማ ቆመው ጉዳዩን አሰቡበት።

«ይኼ እዚሁ የተገኘ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ከውጭ አልገባም።»

ቤት ፍለጋው ተጀመረ። መጀመሪያ ሰበታ፣ አይጥ ያስቸገራቸው ባለወፍጮ ቤት ወሰድናት። ወፍጮው ሲነሳ የባለቤቲቱን ነጠላ ይዛ ጣሪያ ላይ ወጣች። ነጠላው ከጥቅም ውጭ ሆነ፤ እኛም ይዘናት ተመለስን። ፎቶው አለ፤ ከጣሪያው ጠርዝ የተንጠለጠለ የነጠላ ጥለት ይታያል።

ቀጥሎ ገፈርሳ ግድቡን አለፍ ብሎ፣ ልጆቻቸውን ድረው ብቻቸውን የቀሩ ባልና ሚስት ተገኙ። ደግ ሰዎች ናቸው። የዚያን ዕለት ፎቶ አንሺው ካርቶኑን ክፈቱት አለ፤ ግድቡ ከኋላዋ ሆኖ በመስኮት ስታይ ሊያነሳት ፈለገ። ከፈትነው። እጆቿን መስኮቱ ላይ አድርጋ ቡራዩን፣ ባሕር ዛፉን፣ ውሃውን እያየች ሄደች። ከፎቶዎቻችን ሁሉ አንገት ያልተቆረጠበት ያ ብቻ ነው። ሰዎቹ ተቀበሉን፣ አመሰገኑን፣ ሸኙን። በሳምንቱ ጠዋት በሩን ስከፍት ደፉ ላይ ተቀምጣለች። መዳፎቿ ጭቃ ናቸው። የተቆጣችው ግን እሷ ነበረች።

እማማ ታሪኩን ሲሰሙ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«መንገዱን እያሳያችሁ ወሰዳችኋት?»

«ለፎቶ ብለን ነው እማማ።»

«ድመት ሲወሰድ ዓይኑ ተሸፍኖ፣ በጆንያ ነው! መንገድ ያየች ድመት መች ትቀራለች? ይኼን የማያውቅ ሰው ነው መኪና መንዳት የሚያስተምረው?»

እማማ እየተቆጡ ገብተው ጎድጓዳ ሳህን ውሃ ይዘው ወጡ፤ ድመቷ ፊት አስቀመጡት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሥራ ስመጣ «በላች?» ይሉኛል። እኔን በላህ ወይ ብለው ጠይቀው አያውቁም።

አልበላችም። ከገፈርሳ ከመጣች ወዲህ ሽሮውን ጭራሽ ተወችው፤ ጎድኗ መቆጠር ጀመረ። ያን ጊዜ ነው ሱሉልታ ትዝ ያለችን። ሱሉልታ በጾም ወተት የሚተርፍባት አገር ናት፤ ጠጪ የለም፣ ላም ደግሞ ጾም አታውቅም። ዳገቱን ለልምምድ ስንወጣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ድርቆሽና ወተት የሚሸጡ፣ ኦቦ የምንላቸው አንድ ገበሬ እናውቃለን። ወተቱን ለፋሲካ ቅቤ ያጠራቅሙታል።

«አካም ጅርቱ?» አሉን ቦቲ ጫማቸውን እየጎተቱ።

«ፈያ፣ ኦቦ። ትንሽ ወተት ፈልገን ነበር።»

«በሁዳዴ?» ሦስታችንንም ተራ በተራ አዩን።

«ለድመት ነው።»

ኦቦ ለረጅም ጊዜ ሳቁ። ከዚያ ወተቱን ቀዱልን፤ እግረ መንገዳቸውንም አይጥ ድርቆሹ ውስጥ ወልዳ የከብቶቹን ፍሩሽካ እንደጨረሰችባቸው ነገሩን። ጓደኛዬ መሪውን እንደያዘች ዞራ አየችኝ። እኔ መንገዱን አየሁ።

ወተቱን በውሃ ላስቲክ ይዤ ስገባ እማማ በር ላይ ያዙኝ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ወተት።»

«በዚህ ጾም?»

ድመቷ ከምትባረር እኔ ብዋረድ ይሻላል ብዬ ሆዴን አሞኝ ሐኪም አዞልኝ ነው አልኳቸው። እማማ አላመኑኝም፤ አላፈጠጡብኝምም። «እግዜር ይማርህ» ብለው ገቡ። በማግስቱ ማለዳ የአብሽ ውሃ በብርጭቆ ይዘው መጡ፤ ለሆድ ፍቱን ነው አሉ፤ እስክጨርስ ቆመው ጠበቁኝ። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ድመቷ ወተት ትጠጣለች፣ እኔ አብሽ እጠጣለሁ። እሷ ወዛች። እኔም ሆዴን እውነት ያመኝ ጀመር።

በነዚያ ሳምንታት ማቆየት ብቻ የሚለው ነገር ተበላሸ። ሳነብ መጽሐፉ ላይ ትተኛለች። ከሥራ ስመጣ ከመኪናው ድምፅ ለይታኝ በሩ ሥር ትቆማለች። እወዳት ነበር፤ ሌላ ስም የለውም። ለጓደኞቼ ግን አልተነፈስኩም፤ ባለመድኃኒት ቤቷ ጓደኛዬ የደከመችበትን ሕግ በኔ አላፈርስባትም።

የሆሳዕና ዋዜማ ሱሉልታ ወሰድናት። በዚህ ጊዜ ካርቶኑን በገመድ አሰርኩት፤ አየር የምታገኝበትን ቀዳዳ እንኳ ወደ ወለሉ አዞርኩት። ፎቶ አንሺው ስልኩን ኪሱ ከተተ። ዳገቱን ሙሉ ስትጮህ ነበር። ኦቦ ካርቶኑን ድርቆሹ ሥር ከፈቱት፤ «ኮቱ፣ አዱሬ» አሏት። ኮቱ ነይ፣ አዱሬ ድመት ማለት ነው፤ ለኔ ግን ስም ያወጡላት መስሎኝ ቅናት ያዘኝ። ድርቆሹ ውስጥ ገባች፤ ወዲያው የሆነ ነገር ሲጮህ ሰማን። አይጥ ነበረች። ኦቦ በደስታ እጄን ጨበጡኝ። ተሳካልን። ቁልቁለቱን ስንወርድ እኔ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ መንገዱን አላየችም፤ አትመለስም።

ለእማማ ነገርኳቸው። «ደግ አደረግህ» አሉ ሽንኩርት እየላጡ፤ ቀና አላሉም። በማግስቱ የተገዛው ዶሮ ግቢው ውስጥ እግሩን ታስሮ ቀኑን ሙሉ ይጮሃል። የሚያየው አልነበረም።

የፋሲካ ዕለት ጠዋት በሬ ተንኳኳ። እማማ የአገር ልብስ ለብሰዋል፤ በሌላ ሳህን የተከደነ ሳህን ይዘዋል።

«እንኳን አደረሰዎ እማማ።»

«እንኳን አብሮ አደረሰን። የት ናት?»

«ማን?»

ክዳኑን አነሱት። ፈረሰኛው ነበር። ባለፈው ፋሲካ፣ ባላቸው ስለሌሉ ይሄ ያንተ ነው ብለው የሰጡኝ የዶሮው ብልት። በርበሬ አልነካውም፤ ወጡ ከመሠራቱ በፊት ለብቻው ተቀቅሏል።

«ሱሉልታ ናት እማማ። ትውጣ ብለውኝ።»

«ትውጣ ብያለሁ። ሱሉልታ አላልኩም።»

«የነገርኩዎት ቀን ደግ አደረግህ ብለውኝ አልነበር?»

«ታዲያ ምን ልበል?» ሳህኑን መልሰው ከደኑት። «ጾሙን ከኛ ጋር ከርማለች። ማስፈሰክ የለብንም?»

ሐቀኛ መሆን አማረኝ። «እማማ፣ እውነቱን ለመናገር ወተቱ...»

«ሐኪም ያዘዘለት ሰው ወተቱን በሳህን አድርጎ አልጋ ሥር አያስቀምጥም» አሉ። «የቻለችውን ጾማለች። ይኼ መኪና ነዳጅ አለው?»

ፎቶ አንሺው ጓደኛዬ ዶሮ ሊበላ መጥቶ በር ላይ አገኘን፤ ሳይበላ ኋላ ተጫነ። ለማጇ ወላጆቿ ጋ ስለነበረች እኔ ነዳሁ፤ እማማ የአስተማሪው ወንበር ላይ ተቀመጡ። አስኮን፣ ዊንጌትን፣ አዲሱ ገበያን አልፈን ዳገቱን ስንወጣ ከሳህኑ ላይ ዓይናቸውን አላነሱም።

ኦቦ አቅፈው ተቀበሉን፤ ካልበላችሁ አሉን። እማማ መጀመሪያ ድመቷን አሉ። «ኮቱ፣ አዱሬ» ሲባል ከድርቆሹ አናት ወረደች። ወፍራለች። እማማ ጎንበስ ብለው ሳህኑን መሬት ላይ አስቀመጡላት። አሸተተችው፤ ከዚያ ቀና ብላ እኔን አየችኝ፤ ከዚያ በላችው። እማማ አጥንቱ እስኪቀር ቆመው ጠበቁ።

«ፈሰከች» አሉ።

ኦቦ ነገሩ ገብቷቸዋል። «ከፈለጋችሁ ውሰዷት። እኔ ምን አደርጋለሁ፣ የናንተ ናት» አሉኝ፤ እንዳዘኑ ግን ያስታውቁ ነበር። የዚያን ቀኑ ካርቶን አሁንም ጥግ ላይ ነበር። አነሳሁት። ድመቷ ካርቶኑን አየችውና ድርቆሹ አናት ላይ ተመልሳ ወጣች፤ እዚያ ሆና ከንፈሯን መላስ ቀጠለች። ከፋኝ። ቤቷን ስላገኘች ደስም ብሎኛል፤ የበለጠው ግን መክፋቱ ነው። ካርቶኑን ቦታው መለስኩት። እማማ ባዶ ሳህናቸውን በነጠላ ጠቀለሉ፤ ጓደኛዬ አነሳን። ፎቶው ላይ የእማማ ነጠላና የላም ቀንድ አለ።

ስንመለስ ከጥርጊያው ወጥተን ዋናው አስፋልት ልንገባ ስንል መኪናው ቀጥ አለ። ፍሬን አልነካሁም። ሞተሩን አዳመጥኩ፣ ማርሹን አየሁ፣ ደህና ነው። ዞር ስል የእማማ የበዓል ጫማ የአስተማሪው ፍሬን ላይ ተጭኗል። መስኮቱን ዝቅ አድርገው አንገታቸውን አውጥተዋል፤ መታጠፊያው ላይ ያለውን ባሕር ዛፍ፣ ከዛፉ ሥር የተጣለውን በርሜል፣ ወዲያ ማዶ ያለውን ቢጫ ሱቅ ያያሉ።

«እማማ፣ ምን ሆኑ? እንሂድ እንጂ።»

«ቆይ» አሉኝ፤ እግራቸውን አላነሱም። «መንገዱን ልየው።»